ያልተነካች ብር

ሐመልማልን ማታለል ቀላል አይደለም። እህል በረንዳ ውስጥ ጤፍ ስትሸጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ እፍኝ ዘግና ማኛው ውስጥ ስንት ሰርገኛ እንደተቀላቀለ ትነግርሃለች። ገዢ ሲመጣ ቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለምንድነው የፈለግሽው?» ለሰርግ ወይ ለተዝካር ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ቀን የቆረጠ ሰው መች ይከራከርና!

ዛሬ ግን ቀን የተቆረጠባት እሷ ናት። ባሏ ውብሸት ሆስፒታል ተኝቷል። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሰማንያ ሺህ ካላስያዘች የቀዶ ጥገና ተራው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል፤ ሐኪሙ ደግሞ «ሌላ ሳምንት አይጠብቅም» ብሏታል። ዘመድ አዋጥቶ፣ ዕቁቧንም ተለማምጣ ወስዳ አርባ ሁለት ሺህ ሞላ። የቀረችው ተስፋ በመሀረብ የተቋጠረች አንዲት የምኒልክ ዘመን ብር ናት። ውብሸት የዛሬ ሦስት ዓመት ሞጣ ሄዶ በውርስ የደረሱትን ሁለት በሬዎች ሸጦ የገዛት ናት። የሸጠለት ሰው «ከመሬት ተቆፍራ የወጣች ናት» ብሎ ምሎለታል።

ጎጃም በረንዳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ባህረዲን የሚባሉ ሽማግሌ የድሮ ገንዘብ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ሐመልማል መሀረቡን ፈታ ፊታቸው አኖረችው።

«ስንት ታወጣለች፣ ጋሼ ባህረዲን?»

«ዋጋዋ በደረጃዋ ነው» አሉና ከመስታወቱ ስር የራሳቸውን ሁለት ብሮች አወጡ። «ይኸውልሽ፤ መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ከፍ ያለው ነው። ዘውዱ፣ ጉንጩ፣ የአንበሳው ጋማ። ይቺ ጋማዋ ተበልቶ አልቋል፤ በክብደቷ ካልተሸጠች ሌላ ዋጋ የላትም። ይቺኛዋ ጋማዋ በደንብ ይታያል፤ አምስት እጥፍ ታወጣለች። ያልተነካች ከሆነችማ ተዪው! በአመድና በሎሚ የታሸች ግን፣ ብትብለጨለጭም ከደረጃዋ ትወርዳለች።»

ሐመልማል ወዲያው ገባት። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፤ የትም ያው ነው። የራሷን ብር አየቻት። ጋማው ጠጉር በጠጉር ይቆጠራል፣ ዘውዱ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። ማኛ! የእህቷ ልጅ ኢንተርኔት ላይ አይቶ «እንዲህ ያለችው መቶ ሺህ ትገባለች» ብሏት ነበር፤ ልቧ ሞቅ አለ።

ባህረዲን ብሯን ጣታቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው በጥፍራቸው መቷትና ድምጿን አዳመጡ። ሚዛን ላይ አደረጓት፣ አነሷት፣ ደግመው አደረጓት። ፊታቸው ጠቆረ።

ይሄን ፊት ሐመልማል አሳምራ ታውቀዋለች። ጤፍ ቆርጥሞ ፊቱን የሚያጨፈግግ ገዢ ዋጋ ሊያወርድ ነው።

«ለምን ትሸጫታለሽ?» አሉ ባህረዲን።

መዋሸት ነበረባት። ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረምና እንባዋ ቀደማት፤ ስለ ውብሸት ዘረገፈችላቸው። «እሱ ነው የላከኝ። ‹ያቺ ብር ታድነኛለች› እያለ በሷ ነው የሚተነፍሰው።»

«ስንት ጎደለሽ?»

«ሠላሳ ስምንት ሺህ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምላሷን ነከሰች። አይ የኔ ነገር! ኪሷን ገልብጣ አሳየቻቸው።

ባህረዲን ብሯን መልሰው መሀረቡ ላይ አኖሯት። «እኔ አልገዛትም፣ ልጄ።»

«ኧረ ዋጋ ይጥሩልኝ፣ በስንት ይወስዷታል?»

«አልጠራም። ሻይ ጠጪና ሂጂ።» ስልካቸውን አንስተው በስልጥኛ አጭር ነገር ተናገሩ።

ሻዩን ሳትቀምስ ወጣች። አራት ሱቅ እንዳለፈች አንድ ጎልማሳ እያለከለከ ከኋላዋ ደረሰ። ሰሚር እንደሚባልና እዚያው ጨርቅ እንደሚነግድ ነገራት።

«እህቴ፣ የድሮ ብር ይዘሻል አሉ። ሠላሳ ስምንት ሺህ እሰጥሻለሁ።»

ደሟ ፈላ። ቁጥሩን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሰባ!» አለች። «ያልተነካች ናት፤ ጋማዋን እየው እስቲ!»

ሰሚር ብሯን ዞር ብሎም አላያት። «ከሠላሳ ስምንት ሌላ አልተሰጠኝም።»

«ስድሳ አድርገው። በእናትህ፣ በሽተኛ አለብኝ።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ሠላሳ ስምንት ነው።»

ያውቃል! እያወቀ! ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። ሌላ ሱቅ እንዳትዞር ጊዜ የላትም፤ እንዳትጮህ ማን ይሰማታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ገንዘቡን ተቀብላ ብሯን ሰጠችው።

ሰውየው ተመልሶ በቀጥታ ባህረዲን ሱቅ ገባ። ብሯን ሽማግሌው መዳፍ ላይ ሲያኖራት በዓይኗ በብረቱ አየች።

እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም፤ ራሷን ደጃፋቸው ላይ አገኘችው። ተሸካሚው ሁሉ ቆሞ እስኪያያት ጮኸች።

«ጋሼ ባህረዲን! በሰው በሽተኛ ይነግዳሉ? እግዜር ይይልዎ! እኔ ሌላ ምን አቅም አለኝ!»

ሰሚር ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ባህረዲን ክንዱን ያዙት።

«አሜን፣ ልጄ» አሉ። «ሂጂ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብሽ።»

አሜን ይላሉ ደግሞ፣ ምን ይሉኝታ የሌላቸው ናቸው! ገንዘቡን ደረቷ ውስጥ ወትፋ እያለቀሰች ወደ ታክሲ ሮጠች፤ ሆስፒታሉ በር እስክትደርስም ስትረግማቸው ነበር።

ባህረዲን ብሯን በትልቁ የብረት መቁረጫ ለሁለት ቆረጧት፤ ቀይ የመዳብ ሆዷን ለሰሚር አሳዩትና፣ እንደሷው ተቆርጠው አንድ ጣሳ እስከ ግማሽ ከሞሉት የሐሰት ብሮች ጋር ጣሏት።