ጅምር ባርኔጣ

ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕሩ ዳርቻ ለብቻው ተዝናንቶ ይመጣል። «ልከተልህ» ስለው፣ «መጀመሪያ ባርኔጣሽን ሰፍተሽ ጨርሺ» ይለኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰበብ ሲደረት አይጠፋኝም። ሌላ ሴት አለች አልኩ። ዛሬ ጠዋት በንዴት አንዱን መስመር አጣምሜ ሰፋሁና ጅምሩን ባርኔጣ እቤት ጥዬ፣ እሱ ሳይነቃ ወጣሁ።

የባሕር ዳርቻው መግቢያ ዘበኛ ከሩቅ ፈገግ አለልኝ።

«እህቴ፣ ዛሬ ባለቤትሽን የት ጣልሽው?»

«ከሰው ጋር ተምታታሁብህ መሰለኝ። እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

«አይ አንቺ፣ ቀልድሽ አያልቅም!» ብሎ ከወንበሩ ሥር ባርኔጣ አወጣ። «ባለፈው ቅዳሜ ረስተሽው ነው የሄድሽው።»

ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። የራሴ እጅ ነው። ጠዋት ያጣመምኳት መስመር እንኳን አለች። ይሄኛው ግን ተሰፍቶ አልቋል፤ የብዙ በጋ ፀሐይ አደብዝዞታል፤ ግንባር በሚነካው በኩል ላብ ደርቆበታል።