የጣሳ ጣሪያ

ሳቢራ የቲማቲም ድልህ ጣሳውን ጨርቅ በማትነካበት አሮጌ መቀስ ሰንጥቃ ዘረጋችውና፣ እርሳስ ላይ እየተጫነች ታሸበሽበው ጀመር። ቆርቆሮ መምሰል አለበት። ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ እጅ ጣሳ ላይ ሲደርስ ይሰንፋል፤ አውራ ጣቷን ሁለት ቦታ ቆርጧታል። ቢሆንም የሞጣ ልብስ ሰፊ በጣሳ ተሸነፈች እንዳይባል ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።

በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ፣ ሦስት ሳምንት የፈጀባት ቤት ተቀምጧል። ግድግዳው የጫማ ካርቶን ነው። ቁም ሳጥኑ ሦስት የክብሪት ቀፎ፣ ሳህኖቹ የሸሚዝ ቁልፎች፣ የአልጋው ልብስ ደግሞ ከነርስ መክሊት ቀሚስ የተረፈ አበባማ ጨርቅ ነው። በሩ ወደ መንገዱ ስለዞረ ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሁሉ ጎንበስ ብለው ሳያዩት አያልፉም። "ለየትኛዋ ልጅ ነው?" ይሏታል። "ለእናቴ" ስትላቸው ይስቃሉ።

እውነቷን ነው። ቤቱ የእናቷ የወይዘሮ ሀሲና ቤት ነው፣ ቢቸና የነበረው። አምና ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሳቢራና ወንድሟ አብዱልሐኪም ቤቱን ሸጠው ሞጣ አመጧቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገቧቸው። "መስከረም ሲጠባ በደጁ ታሳልፉኛላችሁ። አልገባም፤ ቆሜ አይቸው እመለሳለሁ።"

አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው። ባለፈው ወር አብዱልሐኪም ከቢቸና ደውሎ፣ ገዥው ፎቅ ሊሠራበት ቤቱን እንዳፈረሰው ነገራት። ሳቢራ ይህን ለእናቷ መንገር አቃታት። ጧት ላይ "ለማታ" ትላለች፣ ማታ ላይ "ለጧት"። አፏ እንቢ ሲላት እጇ ሥራ ጀመረ።

ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን እየከደነች እያነሳች ስትለካ የምርኩዝ ድምፅ ከጓዳ ተሰማ። እስከ ዛሬ እናቷ ብቅ ሲሉ ጨርቅ ጣል ታደርግበት ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም እጇ ማስቲሽ ነው።

ወይዘሮ ሀሲና ጠረጴዛው ዘንድ ደርሰው ቆሙ። ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደገፉ፣ ጣሪያውን በሁለት ጣት አነሱና ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

"ቁም ሳጥኑ ወዲህ ነበር እኮ" አሉ።

ሳቢራ የክብሪት ቀፎዎቹን ወደ ቀኝ ገፋች።

"መጋረጃውስ የማን ነው?"

"የአምሳለች፣ የአስተማሪዋ። ከቀሚሷ የተረፈ ነው።"

"ጠይቀሻት ነው የወሰድሽው?"

"ጠይቄ ነው፣ እማ። ሁሉንም ጠይቄ ነው።"

"እሱን ነው የምፈልግ።" ልብስ ሰፊ የተረፈውን ቋጥሮ ለባለቤቱ ይመልሳል ብለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የሰው ሐቅ ጥፍር ብታህል እንኳ ከቤታቸው አታድርም። ከዚያ አንዷን ቁልፍ በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። "በዚች ሳህን ደግሞ ማን ሊበላባት ነው? ጉንዳን?"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቢራ ነገሩ እንዲሁ በሳቅ ቢያልፍላት ተመኘች።

እናቷ ጣሪያውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አንች ልጅ፣ የቆመ ቤት ማን በካርቶን ይሠራል?"

ሳቢራ የደረቀውን ማስቲሽ ከጣቶቿ ትልጥ ጀመር።

"አፈረሱት?"

"አፈረሱት፣ እማ። ባለፈው ወር። ልነግርሽ ብዬ ብዬ አልሆነልኝም። አፉ በይኝ።"

ወይዘሮ ሀሲና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሳቢራ ቢቆጧት በወደደች። አንድ መንገደኛ ሰላም ብሏቸው አለፈ፤ እንደ ወጉ መለሱለት። ዓይናቸው ግን ከቤቱ አልተነሳም።

"ሁሉን አስገብተሽበታል" አሉ። "የምሰግድበትስ?"

ሳቢራ ክው አለች። ሳህን ሳይቀር አስባ፣ እናቷ አርባ ዓመት ግንባራቸውን የደፉባትን ቦታ ዘነጋች! ልጅ ሳለች ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ሥር የሚሰግዱትን የእናቷን ጀርባ ነበር። ኀፍረት ፊቷን አጋለው። ከቁርጥራጭ ከረጢቷ አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ መዘዘች፤ ጣት በምታህል ልክ ቆረጠችው፤ ጫፍና ጫፉን በመርፌ ተርትራ ዘርፍ አወጣችለትና ከኋለኛው ግድግዳ ሥር አነጠፈችው።

"እዚህ ነበር አይደል?"

"እዚያው ነው።" ፊታቸው ግን አልተፈታም። አንገታቸውን ዘመም አድርገው ትንሿን መስገጃ፣ ከዚያ በመካ በኩል ያለውን መንገድ፣ ደግሞ መስገጃዋን አዩ። "ይህማ ለቂብላ ጀርባውን ሰጥቷል።"

"እማ፣ ቢቸና ልክ እንዲህ ነበር እኮ። በሩ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ..."

"እሱ ቢቸና ነበር። አሁን ያለው እዚህ ነው።"

ተነሡ። ቤቱን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ያዙትና፣ ሳህኖቹ እንዳይንሸራተቱ እየተጠነቀቁ ቀስ አድርገው አዞሩት። መስገጃዋ ወደ መንገዱ፣ ወደ ቂብላ አቀናች። ሳቢራ የተጠበበችበት በር ግን የበረንዳውን ግድግዳ ታከከ፤ ከእንግዲህ ሰው የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው።

ከመስጊዱ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ሀሲና ምርኩዛቸውን አነሱ።

"ቤቴን ማንም እንዳያዞርብኝ" አሉና ለውዱእ ሊታጠቡ ወደ ጓዳ ገቡ።