ያልተነፋው ቅል

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዝናቡ ቆሞ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ፀሐዩ ከማለዳ ጀምሮ ይለበልባል። ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው መንደር ማሽላው ደርሷል፤ አጫጁ ግን ጎድሏል። ጎረምሶቹን ኮሎኔል ገበየሁ ወስዷቸዋል።

ኮሎኔሉ የአካባቢው ጦር የመረጃ ኃላፊ ነው። ማንኩሽ ላይ መቶ አለቃ ሆኖ ጀመረ ይባላል። ሰው ባሳሰረ ቁጥር ትከሻው ላይ ኮከብ ይጨመርለታል። ገነተ ማርያም ላኩት፤ ሻለቃ ሆኖ ወጣ። አሶሳ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የሚያቆመው ጠፋ። ፊቱን ያየ ገበሬ የለም። መስታወቱ በጠቆረ መኪና ይመጣል፤ ሳይወርድ ወታደሮቹን ያሰማራል፤ ይመለሳል።

ሰውን ያስጨነቀው ጭካኔው ብቻ አልነበረም። ማወቁ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ቀርከሃው ውስጥ የተደበቀችውን ዋሻ ወታደሮቹ በቀጥታ ሄዱባት፤ የገበሬው የሙዐዊያ ልጅ ከዚያ ተጎትቶ ወጣ። ወርቅ አጣቢዎች የተዉትን የድሮ ጉድጓድም ሳይጠይቁ አገኙት።

«መሪ አላቸው» አለ ሙዐዊያ። «ከመካከላችን የሚሸጠን ሰው አለ።»

ጣት ሁሉ ወደ ጅረኛ ዞረ። ጅረኛ ከወለጋ መጥቶ እዚያው ጎጆ የቀለሰ፣ ማንጎ እየገዛ አሶሳ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። አህያው ኬላውን በሰላም ታልፋለች። ለመንደሩ ይኸው በቂ ነበር።

ጅረኛ ሙርሳል ዘንድ ሄደ። ሙርሳል ነገር በሆዱ የሚይዝ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ በልጁ ስም አቡ ዋሊድ ይሉታል፤ የመንደሩ የቅል ጥሩምባ ነፊዎችም አለቃ እሱ ነው።

«አቡ ዋሊድ፣ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቤቴን ሊያቃጥሉት ነው። ሚስቴ ጠጂቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የት ልውሰዳት? ዋቃ ምስክሬ ነው፣ እኔ ያንን ዋሻ በዓይኔም አላየሁት።»

«ሰማሁ» አለ ሙርሳል።

«ሰማሁ ብቻ?»

«ሰማሁ አልኩህ።»

«ካንተ ቃል ከማውጣት ከድንጋይ ወተት ማለብ ይቀላል!» ብሎ ጅረኛ ወጣ።

የመንደሩ ጥሩምባዎች ከቅል የተሠሩ ናቸው። አንዱ ቅል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። አገር ጥሎ የሄደን ሰው ቅል ማንም አይነካም፤ ተራው ሲደርስ በዝምታ ይታለፋል። ለሌላ የሚሰጠው ባለቤቱ ሲሞት ነው። የተቀበለውም ሰው በሟቹ ምትክ የቤቱ ልጅ ይሆናል።

የዋሊድ ቅል ከአባቱ ከሙርሳል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልጁ ጢም ሳያበቅል፣ በአባቱ አርጩሜ ተገርፎ አኩርፎ እንደ ወጣ ቀረ። አንዳንዱ ሱዳን ነው ይላል። ሌላው፣ ሲመለስ ኮሎኔሉ ድንበር ላይ በልቶታል ይላል። እናቱ ማሪያም ቅሉን ቅቤ እየቀባች ታቆየዋለች። ወታደሮቹ መንደሩን ሲበረብሩ የሁሉም ቤት ዕቃ ተሰባብሯል፤ ያቺን ቤት ግን ዘለዋት ስለነበር ቅሉ ተረፈ።

ሐሙስ ትእዛዝ መጣ። ኮሎኔሉ ጄኔራል ሊሆን ነውና ቅል ነፊዎቹ ሜዳ ወጥተው ደስታቸውን ይግለጹ ተባለ።

«ልጄን ለወሰደው ሰው ልንፋለት?» አለ ሙዐዊያ።

«እንነፋለን» አለ ሙርሳል።

ነፉ። ጥቁሩ መኪና ዋርካው ሥር ቆሟል። ዜማው ዞሮ የዋሊድ ተራ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዝም ተባለ፤ ያኔ የመኪናው ክላክስ አጠር አድርጎ ጮኸ። ዙሩ ሲመለስም እንዲሁ።

አንድ ወታደር ሳቀ። «አባቶች፣ አለቃ ሰልችቶታል! ቶሎ ጨርሱ ማለቱ ነው!»

ሙዐዊያ ምራቁን ተፋ። «እንደ ከብት በክላክስ ይንዳን!»

ሙርሳል ቅሉን ከአፉ አወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ንዴት ነው አሉ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ወንዶቹ የሣር ችቦ ይዘው የጅረኛን አጥር ከበቡ። ጠጂቱ ደጃፉ ላይ ሆዷን ይዛ ቆማለች። ሙርሳል የዋሊድን ቅል ይዞ መጣ፤ ማሪያም ከኋላው ትሮጣለች።

«ዋሊድ ሞቷል» አለ።

ማሪያም እሪ ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

«ማን ነገረህ?» አለ ሙዐዊያ።

«በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ።»

«ማን ገደለው?»

«ኮሎኔሉ።»

ሙርሳል ቅሉን ጅረኛ እጅ ላይ አኖረው። «ካሁን በኋላ ልጄ ይህ ነው። የሱን ቤት የሚያቃጥል ከኔ ቤት ይጀምር።»

ችቦዎቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ። የቅል ልጅ አይነካም። ሙርሳል ቤቱ ገባ፤ ደጃፉ ላይ ሰሌን አነጠፈና ለልጁ ለቅሶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጥቁሩ መኪና መጥቶ ለቀስተኛው ፊት ቆመ። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ሙርሳል አልተነሣም። ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወቱ ዝቅ አለ።

«አባ፣» አለ ኮሎኔሉ፣ «ቅሌን ለማን ሰጠኸው?»