በሃምሳው የመጣ የጾም ወጥ

እንጉዳይን የሚያናድዳት ነገር ብዙ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ሴቶች ያንገበግቧት ነበር። አንዷ የመድኃኔዓለም ማኅበር ሰብሳቢ ስንዱ ናት፤ ሌላዋ የጓሮ ጎረቤቷ ፋጡሜ።

ነገሩ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከሚሴ ላይ ጥጥ ፈትላ ብቻዋን የምትኖረው እንጉዳይ ሳልዋ አልለቅ ሲላት ሐኪም ዘንድ ሄደች። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለች። «መድኃኒቱን በባዶ ሆድ አትውጪ፤ ደግሞ አንድ ቀን እንዳታቋርጪ። ካቋረጥሽ አትድኚም» አላት ነርሱ።

በሳምንቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ፈትሏን የሚገዛ ጠፋ። የየካቲት ጽዋ የእንጉዳይ ተራ ነበር፤ ስንዱ ዘለለቻት። «እስኪሻልሽ ነው» ብላ ሰው ላከች እንጂ ራሷ እንኳ አልመጣችም። አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ጽዋ የጠጡ ሴቶች! ያውም በመድኃኔዓለም ስም!

ፋጡሜማ የባሰባት ናት። ባሏ ሙሳ ሱቁ በእንጉዳይ በር ትይዩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። «ከዚያ ግቢ እግርሽ እንዳይደርስ! ልጆች አሉን!» ብሎ ሲጮህባት እንጉዳይ በጆሮዋ ሰማች። ፋጡሜም «እሺ» አለች። እሺ! ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ግን እንጉዳይ ማለዳ የጓሮ በሯን ስትከፍት ድንጋዩ ላይ ክዳን ያለው ሳህን ተቀምጦ አገኘች። ቅቤ ያልነካው ሽሮ በእንጀራ። በማግስቱ ምስር። እንጉዳይ ነገሩ ወዲያው ገባት። በሁዳዴ የጾም ወጥ ሠርቶ የሚያመጣ ከማኅበርተኛ በቀር ማን ይሆናል? ፊታቸውን ማሳየት አፍረው ነው። ይፈሩ! ሳህኑን በፈላ ውኃ አጥባ ድንጋዩ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ በማግስቱ ባዶው ተነሥቶ ሙሉው ይተካል። እሷም በልታ መድኃኒቷን ትውጣለች።

የፋሲካ ለት ድንጋዩ አጠገብ እግሯ የታሰረ ዶሮ አገኘች። ከነነፍሷ! እንጉዳይ በገነች። «አርደው ሠርተው ቢያመጡልኝ ምን ነበረበት? ለእኔ የሚያርድልኝ ወንድ ከየት ይመጣል?» ዶሮዋን ፈትታ ግቢው ውስጥ ለቀቀቻት።

ከፋሲካ ወዲህ ወጡ ቅቤ ገባበት፤ አንዳንዴም ወተት ይመጣል። ሥጋ ግን ለመድኃኒት እንኳ የለም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ እንደገና ሽሮ በዘይት! ያውም በሃምሳው! እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም የማያውቅ የማኅበር ሴት የት አገር አለች? «ስስታሞች!» እያለች በላች።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከወትሮው ቀደም ብላ ወጣች። የዕለቱ ምግብ ድንጋዩ ላይ ነው። ፋጡሜ ደግሞ ባዶውን ሳህን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በአጥሩ ሽንቁር ልትሾልክ ጎንበስ ብላለች።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች እንጉዳይ። «የማኅበሩን ሳህን የምትወስጂው አንቺ ነሽ ለካ! እኔን ተጠይፈሽ የበላሁበትን ሳህን አትጠየፊም?»

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፋጡሜ «ሱብሃነላህ» ብቻ አለች፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሙሳ ሱቁን ጥሎ ሮጠ፤ ከአጥሩ ማዶ ሲጮህባት ተሰማ። የእንጉዳይ አንጀት ራሰ። በዚያው ቀን እያሳለች የግራር እሾህ ጎትታ ሽንቁሩን ደፈነችው።

እሑድ ሳህን አልመጣም። ሰኞም አልመጣም። መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ ዋጠችው፤ አስመለሳት። ማክሰኞም ድንጋዩ ባዶ ነበር። እንጉዳይ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ሳህናቸው እየጠፋ ሲያስቸግራቸው ማኅበርተኞቹ ታክቷቸዋል። ያቺ ሌባ ልትገድላት ነው።

ማክሰኞ የማኅበሩ ቀን ነበር። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብላ አርፋ ስንዱ ቤት ደረሰች። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ግቢ ያላት የለም።

«ለምስጋና ነው የመጣሁት» አለች ከደጃፉ ላይ ቆማ። «ከሁዳዴ ጀምሮ አብልታችሁኛል። ሳህናችሁን ስትወስድ የነበረችው ፋጡሜ ናት። በእኔ አትዘኑ፤ ምግቡን አታቋርጡብኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ስንዱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ታዲያስ፣ የክርስቲያን ፍቅር ማለት ይኸው አይደል?» አለች። «ሳህኑን ተይው፣ ይቅር።»

«በሃምሳው ረቡዕ ረቡዕ ሽሮ የምትልኩትስ?»

«ለነፍስሽ ብለን ነው» አለች ስንዱ ፈጠን ብላ። «በይ አሁን ግቢ፣ ነፋስ እንዳይመታሽ።» ግቢ ማለቷ ወደ እንጉዳይ ቤት ነው።

እንጉዳይ እጅ ነስታ ተመለሰች። በመንገዱ ሁሉ ንዴቷ ፋጡሜ ላይ ተጠራቀመ። ግቢዋ ስትደርስ ከጓሮ እሾህ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ድንጋይ አነሣች።

ፋጡሜ እሾሁን ገፍታ ግማሽ አካሏን በሽንቁሩ አስገብታለች። ክንዷ ተቦጫጭሮ ይደማል። እንጉዳይ ድንጋዩን ሽቅብ አነሣች።

«ኮቱ፣ ነይ ተቀበይኝ እቴ እንጉዳይ» አለች ፋጡሜ፣ የተከደነ ሳህን ወደ እሷ እየዘረጋች፤ «እሾሁ ሦስት ቀን አላሳልፍ ብሎኝ ነው፤ ዛሬ ረቡዕም ዓርብም አይደል ብዬ በወተት አድርጌዋለሁ።»