ክላክስ በተነፋ ቁጥር

ክላክስ ይጮኻል። የመምህር ስለሺን የእጅ አንጓ ይዣለሁ፤ የደም ሥሩ ከጣቶቼ ሥር ዘለል ይላል።

«ያዝኩህ!» እለዋለሁ። «አልጠብቃትም ስትል አልነበር?»

ይስቃል። ውሃ በረጨንበት ደጃፍ ተቀምጠናል፤ ውሃው ወዲያው ደርቋል። ኮንቮዩ እየገባ ነው፤ ተሳቢዎቹ በፊታችን ወደ ወደቡ ያልፋሉ። ተጋብተው ወር ሳይሞላቸው ነው ጎረቤቴ ስለሺ አሰብ የተመደበው። ሚስቱን ብርቅዬን ከደሴ እንዲያመጣለት ለሾፌሩ ለውድነህ አደራ ብሎታል። ዛሬ ካልመጣች፣ ቀጣዩ ኮንቮይ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም።

«እትዬ እቴናት፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም» ይላል። «ክላክሱን ስሰማ አድሬናሊን የሚባል መልእክተኛ በደም ይመጣል። የልቤን ሴል በር ያንኳኳል እንጂ አይገባም። ከበሩ ኋላ ጂ ፕሮቲን የሚሉት ዘበኛ አለ። ሲንኳኳ ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ ጥሎ አዲስ ይከታል፤ ያበራል። ያኔ ውስጥ ያሉት ይነሳሉ፣ ልብ ይፈጥናል።»

«ማን ያጠፋዋል?»

«ራሱ። ድንጋዩን እሱው ይጨርሰዋል። በሰከንዶች ውስጥ ጨለማ ነው።»

«ጉድ! ያንተ ዘበኛ ታዲያ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለውም?»

«መቼ አስተኙት? ክላክስ በተነፋ ቁጥር እንደገና ይንኳኳበታል።»

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ መጽሐፍ አልገለጥኩም። ይህን ዘበኛ ግን ሳላውቀው አልቀርም፤ ባሌ በመርከብ የሄደ ሰሞን እኔም ጋ ያድር ነበር።

ሌላ ክላክስ። ስለሺ ብድግ ይላል፤ አንጓው ከእጄ ያመልጣል። የውድነህ ፊያት ከሰልፉ ወጥቶ ደጃችን ይቆማል። ሞተሩ ይጠፋል። ውድነህ ብቻውን ይወርዳል።

«ሚሌ ኬላ ላይ አወረዱብኝ» ይላል፣ ላቡን በፎጣው እየጠረገ። «የይለፍ ወረቀትሽ ጊዜው አልፏል ብለው። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ምን ያላልኩት አለ? ወደ ደሴ በሚመለስ መኪና ጫኗት።»

ከደጃፉ እነሳለሁ።

«እስከ ሚሌ መጣች?» ይላል ስለሺ።

«መጣች እንጂ! ባሕሩ ከየት ጀምሮ ነው የሚታየው እያለች መንገዱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ነበር።»

«የት ነበር የተቀመጠችው?»

ውድነህ በአገጩ ያሳየዋል። «በመስኮቱ በኩል።»

ስለሺ የጋቢናውን በር ከፍቶ ይሳፈራል። ውድነህ ቁልፉን ጨብጦ ይቆማል፤ ውረድ አይለውም። እኔም አልጠራውም። ከኋላ የቀሩት መኪኖች አቧራቸውን እያለበሱን ያልፋሉ።

አቧራው ሲገለጥ አየዋለሁ። ወንበሩ ሰፊ ነው። እሱ ወደ መሐል ተጠግቶ ተቀምጧል፤ የመስኮቱን ጎን ትቶላታል።