ታቦት ተሸክሞ የቆመ ቄስ ሥራው ስንት ነው?

«ዜሮ በይ!»

«አልልም ቲቸር።»

«ዜሮ በያ! ዜሮ በይና ድንጋዩን አውርጂ!»

ልጅቷ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆማለች... አባቷ ቄስ ገብረመስቀል በር ላይ ቆመው ያያሉ።

ስሟ ፋና ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት። ለሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ወር ቀርቷታል።

ዘመኑ 1998 ነው። ቦታው ላስታ፣ ከገነተ ማርያም ብዙ የማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ቀን በፊት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው።

አስተማሪዋ ከደሴ የመጣች የሃያ አምስት ዓመት ቀብራራ ነበረች። ከመጽሐፉ የሸመደደችውን ትገለብጣለች፣ የገጠር ልጅ ሲያናግራት ፊቷን ታጠቁራለች።

ሰሌዳው ላይ ጻፈች... «ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት። ሸክም ይዘህ ከቆምክ ርቀቱ ዜሮ ነው፣ ሥራውም ዜሮ። ጻፉ!»

ፋና እጇን አወጣች።

«ቲቸር... የጥምቀት ዕለት ታቦቱ አልሄድም ብሎ ሲቆም አባባ ተሸክመው ሁለት ሰዓት ቆሙ። ላባቸው በጺማቸው ወረደ። የሳቸውም ሥራ ዜሮ ነው?»

«ዜሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደከማቸው?»

ከኋላ ወንበር ባምላክ የሚባለው ቀልደኛ «ቄስ ገብረመስቀል ፊዚክስ ወደቁ በሉኛ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አስተማሪዋ መልሱን አታውቀውም ነበር...

የሳቁት በእሷ መሰላት።

«ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም! ውጪልኝ! ወላጅ ሳታመጪ እንዳላይሽ!»

በሦስተኛው ቀን አባትና ልጅ መጡ።

በዚያ አገር ትልቅ ሰው ያስቀየመ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ደጅ ይቆማል። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲለው ያወርዳል። ከዚያ በፊት አያወርድም።

«መምህርት፣ አስቀይማዎት ከሆነ ይኸው። ይቅር ይበሏትና ወደ ትምህርቷ ትመለስ» አሉ ቄሱ። ልጃቸው ልትሆን የምትችለውን አንቱ እያሉ...

አስተማሪዋ ምን አደረገች?

ልጅቷን እንደተሸከመች ክፍል አስገባቻት።

«አሁን የምትሠሪው ሥራ ስንት ነው? ዜሮ በይና ይቅር እልሻለሁ።»

ፋና አልልም አለች።

«ፋንዬ፣ በያት በቃ» አሉ አባቷ። «ቃል አይደል? በይና አውርጂ።»

«አባባ፣ ደክሞኛል እኮ! ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ምንም አልሠራሁም ልበል?»

ቄሱ ገብተው ድንጋዩን ከልጃቸው አንገት አንስተው የራሳቸው አንገት ላይ አደረጉት። ጥምጣማቸው ተንጋደደ።

«እንግዲህ እኔን ይማሩኝ።»

ባምላክ እንኳ አልሳቀም።

አስተማሪዋ ግን... «ድራማ አይሥሩብኝ አባ። ዜሮ ካላለች እዚህ ክፍል አትገባም።»

ደወል እስኪደወል ድረስ ቆሙ።

ሲደወል ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱት። አንቱታውም አብሮ ወረደ።

«ልጄ፣ ደም የተቃባ ሰው እንኳ አውርድ ይላል» አሏት። የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ።

ፋና አልተመለሰችም። ፈተናው አለፋት።

ሦስት ዓመት ቆይቶ አስተማሪዋ ለዲግሪ በክረምት መማር ጀመረች። መምህሩ ጠየቀ፦ «ሃያ ኪሎ ተሸክሞ የቆመ ሰው ሸክሙ ላይ የሠራው ሥራ ስንት ነው?»

«ዜሮ!» አለች፣ ማንም ሳይቀድማት።

«ጎበዝ። ታዲያ ሰውየው ለምን ደከመው?»

መልሱን ራሱ ሰሌዳው ላይ እየሣለ አስረዳ፦

«ሸክሙ አልተንቀሳቀሰም። ጡንቻው ግን አላረፈም፤ ውስጥ ውስጡን እየተኮማተረ እየተፍታታ ከምግብ ያገኘውን ጉልበት ይጨርሳል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ላቡ ከዚያ ነው። መጽሐፉ ሥራ የሚለውና ቤታችን ሥራ የምንለው አንድ ቃል ነው፣ ነገሩ ግን ሁለት ነው። ይህን የሚጠይቅ ልጅ ከገጠማችሁ፣ ከክፍሉ ትምህርቱ የገባው እሱ ነው።»

አስተማሪዋ ወጥታ ከሕንፃው ጀርባ አስመለሳት።

እንዴት አወቅሽ አትሉኝም?

ያስመለሰኝ እኔን ነው። አስተማሪዋ እኔ ነኝ... የዚህ ገጽ አድሚን። መሳደብ የፈለገ ይሳደብ፣ አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ፋናን ፍላቂት ገበያ አገኘኋት። ለባል ድረዋት፣ ልጅ አዝላ ገብስ ትሸጣለች።

«አወቅሽኝ?» አልኳት።

«አውቄሻለሁ።»

ገበያ መሐል ቆሜ ስለ ጡንቻ አስረዳኋት። እንደ ሞኝ... እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ያኔ አታውቂውም ነበር?»

«አላውቀውም ነበር።»

«እና አላውቅም ማለት ነው ያቃተሽ? ለዚህ ነው አባቴን ያቆምሻቸው?»

«ፋና፣ ይቅር በይኝ።»

«አልልሽም።»

ፊቷን ወደ ገዢዋ አዞረች። «ንጹሕ ገብስ ነው እናቴ፣ ዝገኚና እዪው።»

ታሪኩ እዚህ አለቀ። በዕንባ መተቃቀፍ የለበትም።

«አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እነግርሻለሁ» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃ ነበር። ያቺን አምስት ሰከንድ ለክብሬ ብዬ ነፈግኳት፤ እሷ ዕድሜዋን ከፈለችበት። አስተማሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ ልጅ ከምታውቁት ያለፈ ጥያቄ ሲጠይቅ መዋረድ አይደለም። መዋረድ እኔ ያደረግኩት ነው።

«አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል» የምትሉኝ ተዉኝ። እሱን አልጠየቅኳችሁም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው... ጥያቄ ስለጠየቃችሁ ከክፍል ያባረራችሁ አስተማሪ ዛሬ ፊታችሁ ቢቆም ይቅር ትሉታላችሁ? ወይስ እንደ ፋና?

ኮመንት ላይ እውነቱን ጻፉ።