ሁለት ጣት ስፖንጅ

ዌንዴል ለልምምድ ዙር ሞተሩን እየነዳ ወጥቶ እየገፋ ተመለሰ። ግራ ጎኑ ከትከሻው እስከ ክርኑ አፈር ለብሷል። ሚስቱ ሮንዳ ከድንኳኑ ጥላ ብድግ አለች።

«ወደቅህ?»

«መውደቅስ አልወደቅሁም። ኩርባው ላይ ጋደም አልኩ እንጂ።» ሞተሩን አቁሞ ሄልሜቱን አወለቀ። «ግራ እግሬን ዘረጋሁ፤ መሬት የለም። መሬት ስፈልግ ሞተሩ ከሥሬ ሄደ።»

እንግዲህ በዚህ የአፈር ሜዳ ውድድር የሚዞረው ወደ ግራ ብቻ ነው። ሞተሩ በጎኑ ይንሸራተታል፤ ከቡት ጫማው ሥር ብረት የታሰረበት ግራ እግር ደግሞ መሬቱን እየዳሰሰ ይደግፈዋል። እግሩ መሬት ካላገኘ ጨዋታው አለቀ።

ዱዌን የሚባለው የጎረቤት ድንኳን ተረበኛ፣ ዕድሜውን ሁሉ ከዌንዴል ጋር ሲፎካከር የኖረው፣ «መሰላል ላውስህ እንዴ ሽማግሌው?» አለ።

ዌንዴል መልስ የሚያጣ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበት። ሮንዳን ከአፈሩ ይልቅ ያስደነገጣት ይሄ ነው።

«አጥሬያለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳሌዬን ከቀየሩልኝ ወዲህ አጥሬያለሁ። ስንት ሜዳ የዞረ እግር ከዳኝ። በይ ሞተሩን መኪናው ላይ ጫኚው፤ ቤታችን እንግባ።»

ቤታችን እንግባ! የበረዶውን ወራት ሙሉ ስትለምነው የከረመችው ይህችን ቃል አልነበር? ሐኪሙ «ያ ዳሌ ዳግመኛ ከተሰበረ መራመድ የለም» ብሎታል። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ለዚያ አሮጌ ሞተር የሚሆን ጭራ፣ ማለትም መቀመጫውን የያዘውን የኋላ ሽፋን፣ ሲያስስ በየገበያው ዞረ። አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ከቤንዚን ታንከሩ ጋር አልገጥም አለ። በመጨረሻ ኢንዲያና ድረስ ነድቶ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የአንድ ዘመን የሆነ የፋይበር ጭራ፣ ያውም የተሰነጠቀ፣ አገኘና አቅፎት ገባ።

መቀመጫውን ማልበስ የሮንዳ ሥራ ነው፤ የከተማውን የትራክተርና የሞተር ወንበር ሁሉ የምታለብሰው እሷ ናት። «ስስ አድርጊው» አላት። እሷ ለዳሌው አዝና ከሥሩ ሁለት ጣት የሚወፍር ስፖንጅ ጨመረችበት። እጇን ስለሚያምን አልለካውም።

አሁን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እስከ ምሳ ቤታቸው ይደርሳሉ።

«ልኩን መቀመጫ ስፈልግ ኖርኩ» አለ ዌንዴል ጓንቱን እያወለቀ። «ለካ ልክ ያጣሁት እኔው ነኝ።» ሊስቅበት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ሮንዳ አልቻለችም። ቢላዋዋን አንሥታ የመቀመጫውን ስፌት ከጎኑ ተረተረችው፤ እጇን ሰዳ ስፖንጁን ጎትታ አወጣችና ጉልበቱ ላይ ጣለችለት።

«አንተ አላጠርህም። ከፍ ያደረግሁህ እኔ ነኝ።»

ዌንዴል ስፖንጁን አገላብጦ አየው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ልትገድዪኝ ነበር እኮ።»

«እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «አሁንም እፈራለሁ። ግን እንደዚህ ሆነህ ቤት አልወስድህም።»

ድምፅ ማጉያው የአሮጌ ሞተሮችን ተራ ጠራ። ዌንዴል ቀና ብሎ አላያትም። «መቀመጫውን ዝጊው» አለ ብቻ።

በሰፊ ፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልላ ዘጋችው። ወጣበት። ግራ እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ አረፈ።

እነዚህ ሞተሮች ማስነሻ የላቸውም፤ ሰው ካልገፋቸው አይነሡም። ዱዌን ሊገፋለት ሲመጣ ዌንዴል እጁን አነሣ።

«ተው። እሷ ትግፋኝ።»

ሮንዳ ሁለት እጇን ጭራው ላይ አሳርፋ ገፋች። በሚያማት ጉልበቷ፣ እሱን እየረገመች፣ ፈጣሪን እየለመነች ሮጠች። ሞተሩ እንደ ሰው አንዴ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ከዚያ ተነሣ። ጭራው ከመዳፏ አመለጠ፤ እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።